ክሩዝ ላይ ምግብ ለሚመርጥ ሰው፦ የቱ ጋ መብላት ይሻላል?

ውጭ ያሉ ልጆች ወላጆቻቸውን ለጥየቃ ሲያስመጡ "ባሕርም እናሳያችሁ" ብለው የክሩዝ (በትልቅ መርከብ ላይ የሚደረግ የሽርሽር ጉዞ) ትኬት መቁረጥ ጀምረዋል። ከጅማ ተነስቶ በአዲስ አበባ በኩል ዱባይ ወይም አሜሪካ የገባ ሰው ሳያስበው ሺዎችን የጫነ መርከብ ላይ ራሱን ያገኘዋል። ቲኬቱ ተቆርጦ ሳለ ቤት ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ ግን ስለ ማዕበል አይደለም። "እዚያ ምን እበላለሁ?" ነው። አንዱ ጿሚ ነው፣ አንዱ ሐላል ካልሆነ ሥጋ አይነካም፣ አንዷ ቅቤ አይስማማትም፣ ሌላው ደግሞ ምክንያት የለውም፤ ሽታውን ካልወደደው አይቀምስም።

ችግሩ የምግብ እጥረት አይደለም። አንድ ትልቅ መርከብ ላይ ቢያንስ አምስት ዓይነት መመገቢያ አለ፤ አንዳንዱ በትኬቱ ውስጥ የተካተተ፣ አንዳንዱ ተጨማሪ የሚያስከፍል። የትኛው ለማን እንደሚሆን ሳያውቁ የገቡ ሰዎች ሳምንቱን ሙሉ በዳቦና በሙዝ ያሳልፋሉ፤ ወይም ልጃቸው ሳያስፈልግ ለውድ ሬስቶራንት ይከፍላል። ከዚህ በታች የማወዳድረው እነዚህን መመገቢያዎች ነው። የኩባንያ ማስታወቂያ ውስጥ አልገባም።

መለኪያው ምን ይሁን?

ብዙ ሰው ክሩዝን የሚመዝነው በምግቡ ብዛት ነው። ለመራጭ ሰው ብዛት ምንም አይፈይድም፤ ሰማንያ ዓይነት ተደርድሮ ሰባውን የማይነካ ከሆነ ድርድሩ ለሌላው ነው። እኔ የማየው አራት ነገር ነው። ምግቡ ውስጥ ምን እንደገባ በእርግጠኝነት የሚነግረኝ ሰው አለ ወይ? "ይሄን አውጡልኝ፣ ያንን ቀይሩልኝ" ብል ይሆናል ወይ? ሰዓቱ ከጾሜ፣ ከሶላቴ ወይም ከመድኃኒቴ ጋር ይሄዳል ወይ? በትኬቱ ውስጥ ነው ወይስ መጨረሻ ላይ ሂሳብ ይመጣል? የአሳማው ማንኪያ ወደ ድንቹ ሲሻገር ዓይኑ ለሚያይ ሰው ደግሞ ንክኪ አምስተኛ ይሁንለት።

ዋናው ምግብ አዳራሽ

ነጭ ጠረጴዛ ልብስ የተነጠፈበት፣ አስተናጋጅ የሚታዘዝበት ትልቁ አዳራሽ ነው። እራት በትኬቱ ውስጥ ነው። ሜኑው በየምሽቱ ይቀየራል፤ ከጎኑ ግን ሁልጊዜ የማይጠፋ ዝርዝር አለ። በብዙ መርከቦች የተጠበሰ ዶሮ፣ ሳልሞን አሳ፣ ስቴክና ሰላጣ እዚያ ውስጥ ይገኛሉ። አዲስ ነገር መሞከር የማይፈልግ ሰው በዚህ ዝርዝር ብቻ ሳምንት መግፋት ይችላል። ከዋናው በፊት የሚቀርበውን ሁለት፣ ዋናውንም ምግብ ሁለት ማዘዝ ነውር አይደለም፤ አንዱ ካልጣመ ሌላው አለ። ከሁለት በላይ ዋና ምግብ ላይ የሚያስከፍሉ ኩባንያዎች ስላሉ ሦስተኛውን ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። ከልጆች ሜኑ ላይ ተራ ፓስታ ወይም ዶሮ ለአዋቂ ቢታዘዝም ብዙ ጊዜ አይከለክሉም።

እዚህ ቤት ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። የምግብ ገደብ እንዳለባችሁ በመጀመሪያው ምሽት ከተናገራችሁ፣ ከዚያ በኋላ እራት አልቆ ጣፋጭ ሲቀርብ የአስተናጋጆቹ ኃላፊ የነገውን ሜኑ ይዞ ይመጣል። እስክሪብቶውን አውጥቶ ከላይ እስከ ታች አብሯችሁ ይሄዳል፦ "ይሄ ሾርባ ክሬም አለው፣ ነገ ለእርስዎ ለብቻ ያለ ክሬም እናወጣለን። ይሄኛው ሶስ በወይን ጠጅ የተሠራ ነው፣ ይለፍዎት። ዶሮው ያለ ሶስ ይሁን?" በማግስቱ የተባለው ይቀርባል። ወጥ ቤቱ ሾርባውንና ሶሱን በትልቅ ድስት አስቀድሞ ስለሚሠራ፣ ምግቡ ፊታችሁ ቀርቦ "ቅቤውን አውጡልኝ" ማለት አይሠራም። በዋዜማው የተጠየቀ ግን ይደረጋል።

ስለዚህ ትኬት ሲቆረጥ ለሚመጣው ጥያቄ ተዘጋጁ። ብዙ ኩባንያዎች ሁለት ምርጫ ይሰጣሉ፦ ቋሚ ሰዓትና ቋሚ ጠረጴዛ፣ ወይም በፈለጋችሁት ሰዓት መግባት። ወጣቶቹ ሁለተኛውን ይመርጣሉ። ለመራጭ ሰው የመጀመሪያው ይበልጣል። ጠረጴዛው ያው፣ አስተናጋጁ ያው ነው፤ በሦስተኛው ቀን ምን እንደማትበሉ በቃሉ ያውቀዋል። ጅማ ላይ ደንበኛ የሆናችሁበት ሽሮ ቤት ገብታችሁ ሳትናገሩ ያለ ቅቤ እንደሚመጣላችሁ ማለት ነው። በነፃ ሰዓት ከሆነ በየምሽቱ አዲስ ሰው፣ በየምሽቱ ከሀ እንደገና።

ጉድለቱ ሰዓቱ ነው። የመጀመሪያው ዙር ከቀኑ 11፡30 ወይም 12 ሰዓት አካባቢ፣ ሁለተኛው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ይጀመራል። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ስድስት ሰዓት መቀነስ እንዳትረሱ። ማዕዱ ሰዓት ተኩል ቁጭ ያስብላል፤ ቶሎ በልቶ መነሳት የለመደ አባት ይሰለቻል። አለባበስ የሚጠየቅበት ምሽትም አለ። ያገር ልብስ ያላት እናት ግን ለዚህ አትጨነቅ፤ ከሁሉም ደምቃ ነው የምትገባው።

ስለ ሥጋ አንድ ነገር። ስቴክ ስታዙ "እንዴት ይብሰል?" ይላሉ። "ዌል ደን" (በደንብ የበሰለ) ካላላችሁ መሃሉ ቀይ ሆኖ ይመጣል። ጥሬ ክትፎ እያጣጣመ ያደገ ሰው በዚያ ቀይ ሥጋ መደንገጡ እኔን ሁሌም ይገርመኛል፤ ሚጥሚጣ ስለሌለው ይሆናል።

ቡፌ

ቡፌው አብዛኛውን ጊዜ ከላይኞቹ ፎቆች በአንዱ ላይ ነው፤ በትኬቱ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል አንድ ነገር አለበት። መልካሙ ነገር ዓይታችሁ ታነሳላችሁ። ስሙን የማታውቁትን ምግብ ከማዘዝና ሲመጣ ከመደንገጥ ያድናል። ትንሽ ቀምሶ መተው ይቻላል። እንግሊዝኛ ማውራት ለማይወድ ሰው ደግሞ ሰላም ነው።

ሰው የሚሳሳተው "ዓይቼ ስላነሳሁ አውቄዋለሁ" ብሎ ሲያስብ ነው። ባቄላው ውስጥ የተከተፈ ቤከን፣ ማለትም የአሳማ ሥጋ፣ ሊኖር ይችላል። የተፈጨው ድንች ወተትና ቅቤ አለው። ሰላጣው ላይ የተበተነው ቀይ ፍርፋሪ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ሊሆን ይችላል። ጄሊና ሙስ የሚባሉት ጣፋጮች ብዙ ጊዜ ጄላቲን ይገባባቸዋል፤ ጄላቲን ከአሳማም ከከብትም ይሠራል። ከምግቡ ፊት ትንሽ ካርድ ይቀመጣል፤ ስሙና አንዳንዴም የምግቡ ምልክት ይጻፍበታል፤ እሱን ማንበብ ልማድ ይሁን። ካርዱ የማይነግራችሁ ግን ከፊታችሁ የነበረው ሰው የቋሊማውን መቆንጠጫ እንቁላሉ ውስጥ መንከሩን ነው። ንክኪ ለሚያሳስበው፣ በተለይም አለርጂ ላለበት ሰው፣ ቡፌ ዋና መመገቢያ መሆን የለበትም።

ቡፌ የሚያምረው ጠዋት ነው። እንቁላል ፊታችሁ የሚጠበስበት ቦታ አለ፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ እያመለከታችሁ ታሠራላችሁ። አጃ ገንፎ አይጠፋም፤ የአጃ አጥሚት ለለመደ ሆድ ይስማማል። በወተት ነው በውሃ የተሠራው ብላችሁ ግን ጠይቁ። ፍራፍሬ፣ ዳቦ፣ ማርማላታ ሞልቷል። ምሳ ላይ ሩዝ ሁልጊዜ አለ፤ ብዙ መርከቦች ላይ ደግሞ የሕንድ ምግብ የሚቀመጥበት ጥግ ስላለ ምስርና ሽምብራ እዚያ ፈልጉ። ለእኛ ምላስ ከመርከቡ ሁሉ የሚቀርበው ይሄ ጥግ ነው።

ሲገቡ እጅ መታጠብ የግድ ነው። ኖሮቫይረስ የሚባለው የሆድ ሕመም እንዲህ ባለ ቦታ በፍጥነት ይዛመታል፤ የእጅ ማጽጃ ፈሳሽ ብቻውን አይበቃውም፤ ሳሙናና ውሃ ነው መፍትሔው። የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከል አሜሪካ ወደብ የሚገቡ መርከቦችን ንጽሕና ከ100 እየፈተሸ ውጤቱን ለሕዝብ ያወጣል፤ 85 እና ከዚያ በታች ያገኘ ወድቋል ማለት ነው። ልጃችሁ ትኬት ከመቁረጡ በፊት የመርከቡን ስም አስገብቶ ቢያይ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ተጨማሪ የሚከፈልባቸው ሬስቶራንቶች

ስቴክ ቤት፣ የጣሊያን፣ የጃፓን ምግብ ቤት የመሳሰሉት ናቸው። ዋጋው እንደ መርከቡ ቢለያይም ለአንድ ሰው 50 ዶላር አካባቢ ማየት የተለመደ ነው፤ ላዩ ላይ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 20 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል። 50 ዶላር በ18 በመቶ 59 ይሆናል፤ ለባልና ሚስት 118 ዶላር ለአንድ እራት።

ዋጋ አለው ወይ? አስተናጋጁ ጊዜ አለው፣ ሰው አይበዛም፣ ሥጋው ይሻላል። ሜኑው ግን አጭር ነው። ሐላል የሚፈልግ ሰው ለስቴክ ቤት መክፈሉ ትርጉም የለውም፤ ጾመኛም እዚያ የሚያገኘው ድንችና ሰላጣ ነው። ደግሞ በነፃው አዳራሽ በዋዜማው ተነጋግራችሁ የምታገኙትን ነው እዚህ የምትገዙት። ልጆች በቅናሽ ጥቅል አስቀድመው መግዛት ይወዳሉ። "እናቴ ዋናው አዳራሽ አይስማማትም" ብለው ከመክፈላቸው በፊት ግን ሁለት ምሽት ይታገሡ።

ፒዛና በርገር ቤቱ

ከመዋኛው ገንዳ አጠገብ ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜ ነፃ ነው፤ እስከ ሌሊት ይቆያል። ለልጆችና ማታ ለሚርበው ሰው ይሆናል። ቺዝ የሌለው ፒዛ አዝዙ፤ ትኩስ ሆኖ ይወጣል። የድንች ጥብሱ ከዶሮና ከአሳ ጋር በአንድ ዘይት ሊጠበስ ስለሚችል ጾመኛ ይጠይቅ።

ክፍል ድረስ የሚመጣ ምግብ

ቀላል ቁርስ ብዙ ጊዜ ነፃ ነው፤ ሌላው እንደ ኩባንያው ነፃም ሊሆን፣ በትእዛዝ ከ5 እስከ 10 ዶላር ሊያስከፍልም ይችላል። ሳንድዊች፣ ሾርባ፣ ሰላጣ፤ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ባሕሩ ሲነሳና ሆድ ሲረበሽ ደረቅ ብስኩትና ሻይ አልጋ ድረስ መምጣቱ ግን ትልቅ ነገር ነው። በረመዳን ለሚጓዝ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይሄ ይጠቅማል፤ ለስሑር የሚሆን ሰዓት ቡፌው ዝግ ነው፤ ክፍል ድረስ የሚያመጡት ግን በብዙ መርከቦች ሌሊቱን ሙሉ ይሠራሉ።

ባጭሩ ሲነጻጸር

| መመገቢያ | የገባውን ማወቅ | ማስቀየር | ንክኪ | ሰዓት | ተጨማሪ ዋጋ | የሚሆነው |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ዋናው አዳራሽ | በጣም ጥሩ (ከተናገሩ) | በዋዜማው ይቻላል | አነስተኛ | የተወሰነ | የለም | ለእራት፤ ለጾም፣ ለአለርጂ |
| ቡፌ | በካርዱ ብቻ | እንቁላል ላይ እንጂ አይቻልም | ከፍተኛ | ሰፊ | የለም | ለቁርስ፣ ዓይቶ ለሚመርጥ |
| ልዩ ሬስቶራንት | ጥሩ | በመጠኑ | አነስተኛ | በቀጠሮ | 50 ዶላር አካባቢና የአገልግሎት ክፍያ | ሥጋ ለሚወድ፣ ለአንድ ምሽት |
| ፒዛና በርገር | መካከለኛ | ቺዝ ማስቀነስ | መካከለኛ | እስከ ሌሊት | ብዙ ጊዜ የለም | ለልጆች፣ ለመክሰስ |
| ክፍል ድረስ | መካከለኛ | ትንሽ | አነስተኛ | አብዛኛውን ጊዜ 24 ሰዓት | ከ0 እስከ 10 ዶላር | ለስሑር፣ ለታመመ |

ጾምና ሐላል፦ ቀድሞ የሚታሰብ ነገር

መጀመሪያ ቀኑን ከጾሙ ጋር አስተያዩት። በነሐሴ ዕረፍት የሚቆረጥ ትኬት ፍልሰታ ላይ ይወድቃል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ሲገባ በፈረንጁ ኦገስት 7 ነው። የካሪቢያን ጉዞ በዲሴምበር ከሆነ ደግሞ ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ነው። ልጆች ይሄን አያሰሉም፤ የሚያዩት የዋጋ ቅናሹን ነው።

"ቬጀቴሪያን" ብላችሁ ካስመዘገባችሁ አይብ፣ እንቁላልና ቅቤ ይመጣላችኋል። ለጾም የሚባለው "ቪጋን" ነው፤ እሱንም ብትሉ "ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም" ብላችሁ ድገሙት። የሕንዱ ጥግ ምስር ሳይቀር በቅቤ ሊሠራ ይችላል። አሳው ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱት፤ መርከቡ ላይ የሚፈታ ክርክር አይደለም። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው አንድ ወጥመድ አለ፤ የቡፌው ምሳ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ልክ በ9 ሰዓት ገደማ ነው። ክፍት ሆኖ የሚጠብቃችሁ ፒዛ ቤቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት ሩዝና ምስሩን በሳህን አንስታችሁ አስቀምጡ፤ ወይም ክፍል ድረስ አዝዙ።

ሐላልን በተመለከተ፣ ተራው የአሜሪካና የአውሮፓ መርከብ ላይ ያለ ሥጋ ሐላል ነው ተብሎ ካልተረጋገጠ አይደለም ብላችሁ ተነሱ። አስቀድመው ሲጠየቁ ሐላል ምግብ የሚያዘጋጁ ኩባንያዎች አሉ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ከአሳማው ሌላ ሶስ ውስጥ የሚገባ ወይን ጠጅና ጣፋጭ ውስጥ የሚገባ ሩም እንዳለ አትርሱ፤ ቲራሚሱ የሚባለው አንዱ ነው። ይሄን ሁሉ መጠያየቅ ለማይፈልግ ሰው ሌላ መንገድ አለ፦ በ2024 መጨረሻ ከጅዳ ጉዞ የጀመረው የሳውዲው አሮያ መርከብ ምግቡ ሐላል ነው፣ አልኮልም አይሸጥበትም። መንገዱም ከካሪቢያን ይልቅ ለእኛ ይቀርባል።

በየትኛውም ኩባንያ የምግብ ገደባችሁ ትኬት ሲቆረጥ ይመዝገብ፤ ቢያንስ ከወር በፊት። መርከቡ ከወደብ ከተነሳ በኋላ የሌለ ነገር ከየትም አይመጣም።

ከጅማ ይዞ መሄድስ?

እንጀራ፣ ወጥና ሌላ ቤት የተሠራ ምግብ መርከብ ላይ ማስገባት በአብዛኞቹ ኩባንያዎች ክልክል ነው። ከፋብሪካ ታሽጎ የወጣ ደረቅ ነገር ግን ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ፤ የታሸገ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ ከሱቅ እንደታሸገ ያዙ እንጂ በቤት ፌስታል አትቋጥሩ። ቋንጣ ወደ አሜሪካ አይገባም። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሆነ ሥጋውም፣ የነጠረ ቅቤውም ፍተሻ ላይ ይቀራል። ቃሪያ ካማራችሁ አስተናጋጁን ጠይቁ፤ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ከሕንድ፣ ከኢንዶኔዥያና ከፊሊፒንስ ስለሆኑ የሚያቃጥል ነገር የሚፈልግ ሰው ይገባቸዋል።

የቡናው ነገር የጅማ ሰው ላይ ይጠናል። በነፃ የሚሰጠው ቡና ቡፌው ላይ በማሽን የተጣራው ቀጭኑ ነው፤ ማኪያቶ የመሰለው ይከፈልበታል። ጀበና ይዞ መሄድ ቢቻልም የሚጣድበት የለም፤ ምድጃ፣ የውሃ ማፍያና የቡና ማሽን በእሳት አደጋ ምክንያት ክፍል ውስጥ አይፈቀዱም። ቆልታችሁና አስፈጭታችሁ አሽጉና ፍል ውሃ ከቡፌው ውሰዱ፤ ጥሩ ነው አልልም፣ ግን ከእነሱ ይሻላል። ለዘመድ ብላችሁ ጥሬ ቡና ከያዛችሁ ደግሞ ልብ በሉ፦ ዋናው አሜሪካ ምድር ሲገባ ችግር የለበትም፣ ፖርቶ ሪኮና ሃዋይ ግን አይገባም። ብዙ የካሪቢያን መርከቦች ሳን ሁዋን ላይ ይቆማሉ፤ ሳን ሁዋን ፖርቶ ሪኮ ነው። የተቆላ ከሆነ ጣጣ የለውም።

ለማን የቱ?

ገንዘቡ የተመጠነ ቤተሰብ፦ ቁርስና ምሳ ቡፌ፣ እራት ዋናው አዳራሽ በቋሚ ጠረጴዛ። ለምግብ አንድ ብር ሳትጨምሩ ሳምንቱ ያልቃል። ውሃ፣ ሻይና ተራ ቡና ነፃ ነው፤ ለስላሳና የታሸገ ውሃ ያስከፍላል። የሠራተኞቹ ቲፕ ብዙ የአሜሪካ ኩባንያዎች ላይ በራሱ እንደሚቆረጥ ግን እወቁት፤ በቀን 16 ዶላር ለአንድ ሰው ቢሆን ለሁለት ሰው በ7 ቀን 224 ዶላር ነው። ከዚህ በላይ የሚቆርጡም አሉ።

ጿሚና አለርጂ ያለበት፦ ዋናው አዳራሽ ብቻ፤ ምሳም ከተከፈተ እዚያው። ቡፌ ለፍራፍሬና ለዳቦ ይሁን። ልጃችሁ የማትበሉትን በእንግሊዝኛ በትንሽ ወረቀት ይጻፍላችሁ፤ ለአስተናጋጁ ማሳየት ከማስረዳት ይቀላል።

ሐላል የሚፈልግ፦ በጀቱ ካለ እንደ አሮያ ምግቡ ሐላል የሆነ መርከብ ምረጡ፤ ከሌለ በጽሑፍ የተረጋገጠ ሐላል ምግብ፣ ያ ከሌለ አሳ፣ እንቁላልና የሕንዱ ጥግ አትክልት።

ገደብ የሌለበት፣ ዝም ብሎ የሚመርጥ፦ ቡፌው ላይ በቀን ዓይታችሁ የወደዳችሁትን ስም ያዙና ማታ አዳራሹ ላይ እሱን ጠይቁ። ገንዘብ ካለና ሥጋ ከተወደደ አንድ ምሽት ስቴክ ቤት፤ ሁለተኛ አያስፈልግም።

እናትና አባታቸውን ብቻቸውን የሚልኩ ልጆች ደግሞ አንድ ሥራ አለባቸው፤ ይሄን ለወላጆቻቸው አስቀድመው መንገር። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ቡፌ ላይ ሲጋፋ፣ ዋናው አዳራሽ በር ላይ ኃላፊው ቆሞ ጠረጴዛ የሚያስተካክልበት ሰዓት አለ። ወላጆች የማይበሉት የተጻፈበትን ወረቀት የሚሰጡትና ጠረጴዛው የት እንደሆነ የሚያዩት ያኔ ነው፤ እራት ላይ ከደረሱ ሰልፉ ረጅም ነው።